ከሳጥን ወደ በግ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ የቁጠባ ማህበር አቋቁማችሁ ንብረት የምታፈሩበት ዝርዝር መመሪያ

እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ግቢ ሃያ ሴቶች ክብ ሰርተው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ "ቁጥር ሰባት!" ብላ ጠራች። ቁጥር ሰባት አሳ ቸርቻሪ ናት፤ ማለዳ ከዓሣ አጥማጆቹ ቀረሶ ተረክባ፣ ቅርፊቱን ገፍፋ፣ ሸጣ ጨርሳ ነው የመጣችው። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሷ ፈታ ሶስት ባለ ሃምሳ ብር አወጣችና መሬት ላይ ካለው ሳህን ውስጥ አኖረች። ሁለቱ ቆጣሪዎች ጮክ ብለው "ሃምሳ፣ መቶ፣ መቶ ሃምሳ" አሉ። ጸሐፊዋ የሴትየዋን ደብተር ተቀብላ ሶስት ማህተም መታችበት። ግቢው ሁሉ "ሶስት!" አለ።

ከዚህ መመሪያ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ትዕይንት ያዙ። ገንዘቡ በሁሉም ፊት ይወጣል፣ በሁሉም ፊት ይቆጠራል፣ በሁሉም ፊት ይመዘገባል።

ደሃ አይቆጥብም የሚሉ ሰዎች ይገርሙኛል። እናቶቻችን መቼ ሳይቆጥቡ ቀርተው ያውቃሉ? በእቁብ፣ በዶሮ፣ በጤፍ ጆንያ፣ በፍራሽ ስር ሲቆጥቡ ነው የኖሩት። በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ከየጓዳው የወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው ያውቀዋል። የጎደለው ገንዘቡ የሚቀመጥበት ቦታና የሚወጣበት ጊዜ ነው። ፍራሽ ስር ያለ ብር ዘመድ ሲመጣ ይወጣል፣ ልጅ ሲያስል ይወጣል፣ ዋጋ ሲንር ደግሞ እዚያው እንዳለ ያንሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ እዚህ የምንሰራው ሥራ ሁለት ነው፦ ብሩን በጋራ መጠበቅ፣ ከዚያም በትክክለኛው ወር ወደ ንብረት መቀየር። ብዙ ማህበራት የመጀመሪያውን አሳምረው ሰርተው ሁለተኛው ላይ ይቀራሉ።

አሰራሩ ከእቁብ ይለያል። እቁብ ላይ ሁሉም እኩል ይጥላል፣ ዕጣው ለማን መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም፣ በቸገራችሁ ቀን ላይደርስላችሁ ይችላል። ብሩ በጋራ ሳጥን በሚጠበቅበት በሳጥን ማህበር እንደ አቅማችሁ ትቆጥባላችሁ፣ ሲቸግራችሁ ትበደራላችሁ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከነትርፉ ትካፈላላችሁ። ዘዴው በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ ማራዲ በሚባል አካባቢ ኬር የተባለው ድርጅት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው ነው፤ ዛሬ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይሰራበታል። እኛ አገር "የመንደር ቁጠባና ብድር ማህበር" ይባላል። እቁባችሁን አፍርሱ አልልም። ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ደረጃ 1፦ ሰው ተመራርጦ ይሰብሰብ

ከ15 እስከ 25 ሰው በቂ ነው። ከ15 ካነሰ ሳጥኑ ውስጥ የሚበደሩት አይገኝም፤ ከ25 ከበለጠ ስብሰባው ይረዝምና ሰው መቅረት ይጀምራል። አባላት በእግር የሚደራረሱ ጎረቤቶች ይሁኑ፤ አባይ ማዶ ያለች ሴት ለስብሰባ ብላ በየሳምንቱ ድልድዩን መሻገር የለባትም።

በዝርዝር ተመድቦ የመጣ ሰው ማህበር አይሆንም። እኔ ሰዎችን ሳደራጅ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ "ለዚህች ሴት ያለ ምስክር 500 ብር ታበድሪያታለሽ?" ካመነታች ሁለቱ በአንድ ሳጥን ዙሪያ አይቀመጡም። በተለይ ከሌሎቹ በጣም የተሻለ ሀብት ያለውን ሰው፣ ወይም ሌሎቹ ፊት ለፊት ሊናገሩት የሚፈሩትን ሰው አታስገቡ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብድሩን ሲያዘገይ "ክፈል" የሚለው አይገኝም፣ እሱ ያልከፈለውን ደግሞ ሌላው አይከፍልም።

አምስት ኃላፊዎች ትመርጣላችሁ፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሳጥን ያዥና ሁለት ቆጣሪዎች። ድምፅ በእጅ አይሰጥ፤ እጅ ሲወጣ ይሉኝታ ይገባበታል። ለእያንዳንዱ እጩ አንድ አንድ ቅል ወይም ጣሳ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀምጡና እያንዳንዱ አባል ለብቻው ገብቶ አንድ የባቄላ ፍሬ ይጣል።

ደረጃ 2፦ ደንቡን ከብሩ በፊት

አንድም ብር ሳይሰበሰብ ሁለት ወይም ሶስት ስብሰባ ለደንብ ብቻ ስጡ። ሰው ይቸኩላል፣ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ የአንድ ድርሻ፣ ማለትም የአንዱ የቁጠባ መለኪያ፣ ዋጋ ይወሰናል። በእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ አባል ከ1 እስከ 5 ድርሻ መግዛት ይችላል፤ ከአምስት በላይ አይፈቀድም፣ አለበለዚያ ማህበሩ የአንድና የሁለት ሰው ይሆናል። ዋጋውን ስትተምኑ የምታስቡት ከመካከላችሁ በጣም የተቸገረችው ሴት በጣም በከፋው ሳምንቷ ምን ልታወጣ እንደምትችል ነው። ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ የቀን ሥራ ሲጠፋ፣ የቤት ኪራይ ሲደርስ ስንት ይኖራታል? 50 ብር ካላት ድርሻው 50 ይሁን፤ 20 ካላት 20። እሷ ፊት ለፊት "አልችልም" ብላ አትናገርምና ይህንንም በባቄላ ፍሬ ጠይቁ። ያላት ሰው አምስት ድርሻ ገዝታ ትቆጥባለች፤ የሌላት አንድ ገዝታ አንገቷን ቀና አድርጋ ትወጣለች።

ቀጥሎ ማህበራዊ ፈንድ አለ። ይህ ከድርሻ የተለየ፣ ሁሉም እኩል የሚያዋጣው ትንሽ ገንዘብ ነው። ሕመም፣ ወሊድ፣ የቤት ቃጠሎ ሲያጋጥም በስጦታ ወይም ያለ ክፍያ በብድር ይሰጣል። በተለየ ከረጢት ይቀመጥ፤ ከድርሻው ብር ጋር ከተቀላቀለ ሂሳቡ መቼም አይጠራም። ለሞት እድር አለን፤ እድሩ የሚሸፍነውን እዚህ አትድገሙት።

የብድር ክፍያ ላይ ሳትፍሩ በግልጽ ተነጋገሩ። አብዛኞቹ ማህበራት በወር የተወሰነ በመቶ ያስከፍላሉ፤ ትርፉ ተመልሶ ለራሳቸው ለአባላቱ ነው። ነገር ግን ባህር ዳር ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ነው የሚኖረው፣ ለሙስሊም አባል ወለድ ሐራም ነው። እንዲህ ሲሆን ብድሩ ያለ ምንም ክፍያ ይሰጥ፤ ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ የቆጠበውን ብቻ ይወስድ። ትርፉ ይቀራል፣ ማህበሩ ግን ይቆማል። አንዲት እህት ሃይማኖቷንና ሳጥኑን እንድታማርጥ ማድረግ ነውር ነው።

የቀረውን በአጭሩ ጻፉ፦ ያረፈደ ስንት ይቀጣል፣ የቀረ ስንት ይቀጣል፣ በመካከል ከከተማ የለቀቀ ሰው የቆጠበውን እንዴት ይወስዳል፣ አባል ቢሞት ገንዘቡን ማን ይረከባል። የመጨረሻው በተለይ ይጻፍ፤ ወራሹ አባሏ በሕይወት ሳለች ራሷ ያሳወቀችው ሰው ይሁን። ደንቡ ሲያልቅ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ሁሉም ይፈርም፣ መጻፍ የማይችል በጣት አሻራ።

ደረጃ 3፦ ሳጥኑና ደብተሩ

ሳጥኑን ብየዳ ቤት አሰሩ፤ ከቆርቆሮ ሳይሆን ከላሜራ፣ ሶስት ጓጉንቸር የሚቀበል። ሳጥኑ ሳጥን ያዥዋ ዘንድ ያድራል። ሶስቱ ቁልፎች ኃላፊ ያልሆኑ ሶስት አባላት ዘንድ ይሆናሉ፤ ሶስቱ ከአንድ ቤት ወይም ዘመዳሞች አይሁኑ። ቁልፍ ያዥዎች ሲታመሙ ቁልፉን በሌላ አባል ይላኩ እንጂ በልጅ አይላክ።

እያንዳንዱ አባል ትንሽ ደብተር ይኑረው። በውስጡ በየስብሰባው አምስት ትናንሽ ሳጥኖች ይሰመራሉ፤ አንድ ድርሻ ሲገዛ አንድ ማህተም፣ ያልተገዛው ላይ ጭረት። ማንበብ የማትችል እናት ማህተሟን መቁጠር ትችላለች፤ ማህተም የተመረጠውም ለዚህ ነው። ደብተሮቹ ከስብሰባ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ይቆለፋሉ፣ ቤት አይወሰዱም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ከስህተቴ ስለተማርኩ ነው። የመጀመሪያውን ማህበር ሳደራጅ የሁሉንም ሂሳብ በአንድ ትልቅ መዝገብ ብቻ እንዲጻፍ አደረግሁ፣ መዝገቡም ከጸሐፊዋ ቤት ያድር ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያው አፈሰሰ፣ የአራት ወር ቀለም ፈሰሰ። አንድም ብር አልጠፋም፤ ማን ስንት እንዳስቀመጠ ግን የሚያውቅ ጠፋ። እነዚያ ጎረቤታሞች ቡና መጠራራት አቆሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ የአንዷን ቤት ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው።

በስልክ መመዝገብ አይቀልም ወይ የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። ይቀላል። ግን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ያየን ከተማ ነን። ስልኩ ተጨማሪ ይሁን፣ ማህተሙ ዋናው።

ደረጃ 4፦ ስብሰባው

በየሳምንቱ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ። የገበያ ቀን ሲውል ብር ይኖራል ብላችሁ ቅዳሜን አትምረጡ፤ ቅዳሜ ሁሉም ገበያ ነው ያለው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሶስቱ ቁልፎች ሳጥኑን ይከፍታሉ። ሰብሳቢዋ "ባለፈው ሳምንት ስንት ብር ቆልፈን ነበር?" ብላ ትጠይቃለች፣ አባላት ከቃላቸው ይመልሳሉ፣ ቆጣሪዎቹ ቆጥረው ያረጋግጣሉ። ከዚያ ማህበራዊ ፈንድ፣ ቀጥሎ በቁጥር እየተጠሩ ድርሻ፣ ቀጥሎ የብድር መልስ፣ በመጨረሻ አዲስ ብድር። ሲያልቅ የቀረው ብር ተቆጥሮ ለሁሉም ይነገራል፤ ሁሉም በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ሃያ ሰው ያስታወሰውን ቁጥር አንድ ሰው ሊለውጠው አይችልም። ሰዓት ካልባከነ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ቡናው ከዚያ በኋላ ይፈላ።

ደረጃ 5፦ ብድር

የመጀመሪያው ወር ይከማች። ከዚያ በኋላ በየአራት ሳምንቱ ብድር ይሰጣል። አንድ አባል ሊበደር የሚችለው ከቆጠበው ሶስት እጥፍ ድረስ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከሶስት ወር ላልበለጠ ጊዜ።

1,500 ብር ያጠራቀመች ሴት 4,500 ትበደር እንበል፣ ማህበሩ በወር 5 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ወር 1,500 ትመልሳለች፣ 225 ትከፍላለች። በሁለተኛው 1,500 እና 150። በሶስተኛው 1,500 እና 75። ጠቅላላ ክፍያዋ 450 ብር ሲሆን እሱም ተመልሶ የእሷም የሆነ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። በወር 10 በመቶ የሚያስከፍል አራጣ አበዳሪ ዘንድ ዋናውን በሶስተኛው ወር መጨረሻ ብትመልስ 1,350 ይሆንባታል፣ የቤቷም ዕቃ መያዣ ሆኖ።

ተበዳሪዋ ብሩን ለምን እንደፈለገች በሁሉም ፊት ትናገር። አባላቱ ሥራዋን ያውቁታልና ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ ሰኔ መጨረሻ ላይ ለመረብ መግዣ የሚጠየቅ ብድር ሲመጣ ቆም በሉ። ከሐምሌ ጀምሮ የጣና ነጭ አሳዎች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ አፍ ይወጣሉ። ዕዳ ያለበት አጥማጅ በዚያ ወቅት መረቡን ወንዝ አፍ ላይ ከመዘርጋት አይመለስም፤ ያ ደግሞ የመጪውን ዓመት አሳ ዛሬ መብላት ነው። ለመረብ የሚሰጠው ብድር ከጥቅምት በኋላ ይሁን። ለታንኳ መስሪያ ደንገል መግዣ ከሆነ መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ይሁን፤ ታንኳው ራሱ ውሃ ጠጥቶ ጥቂት ወራት ነው የሚያገለግለው።

መክፈል ያቃታት ስትኖር መጀመሪያ ሁለት ሰው ቤቷ ይሂድ። ሕመም ከሆነ ጊዜው ይራዘም፣ ቅጣቱ ይቅር። ምጣዷን፣ ብርድ ልብሷን አትንኩ። ዕዳው በዓመቱ መጨረሻ ከድርሻዋ ላይ ይቀነሳል፤ ቢያንስ ያን ያህል ዋስትና ማህበሩ እጁ ላይ አለው።

ደረጃ 6፦ የክፍፍሉ ቀን፣ ዋናው ነገር

ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ወር ውስጥ ሳጥኑ ይከፈታል፣ ሁሉም ይካፈላል። የሚካፈልበትን ቀን ግን የምትወስኑት ዛሬ፣ ደንቡን ስትጽፉ ነው። ብዙ ማህበር ለገና ወይም ለፋሲካ ዋዜማ ያደርገዋል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ልጆችን ማስደሰት የማይፈልግ እናት የለም። ነገር ግን የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ቅርጫ፣ ዶሮና ቅቤ ሆኖ ሲያልቅ አይቻለሁ፣ ያውም ዋጋው ጣሪያ በነካበት ቀን።

የእኔ ምክር የዓቢይ ጾም መግቢያ ላይ አድርጉት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ሥጋ የሚበላ ሰው ይቀንሳል፣ የበግ ዋጋም ይወርዳል። ያን ጊዜ ከምዕራብ ጎጃም የሚመጣውን ዋሸራ በግ፣ አንድ ዓመት አካባቢ የሆነውን፣ አጥንቱ ትልቅ ሆኖ ሥጋው የከሳውን ወጠጤ ምረጡ። በጾሙ ሁሉ ቀልባችሁ ለፋሲካ ዋዜማ ትሸጡታላችሁ። ለአረፋ የምትሸጡም ካላችሁ በዓሉ በየዓመቱ ቀኑ ስለሚቀያየር አስቀድማችሁ ቁጠሩ።

ስትቀልቡ ጠላ የሚጠምቅ ጎረቤት ካላችሁ አተላው አለ፤ ከገበያ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅሉበት፣ ፋጉሎውን ግን በመጀመሪያው ሳምንት በጥቂቱ ጀምሩ፣ ሆዱ ካልለመደ ይነፋዋል። አንድ ነገር አደራ፦ ሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ ሳር ለምለም ስለሆነ ያታልላል። የጉበት ትል የሚተላለፈው በእንዲህ ያለ ውሃ አዘል ሳር ላይ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። በጉን እዚያ አታሰማሩት፤ እንደገዛችሁት ወዲያው እንስሳት ጤና ክሊኒክ ወስዳችሁ የትል መድኃኒት አሰጡት።

በግ የማይያዝበት የኪራይ ግቢ ውስጥ የምትኖሩ ብዙ ናችሁ። ለእናንተ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የስፌት መኪና፣ ቦታ ካለ ቄብ ዶሮ ይሻላል። ጣና ዳር ዘጌ ለምትኖሩት የቡና ተክላችሁ አለ። ልጆች ትምህርት ቤት ያሏችሁ ደግሞ ክፍፍሉን ነሐሴ መጨረሻ ብታደርጉት አልቃወምም፤ በብድር ደብተር ከመግዛት ይሻላል።

ከክፍፍሉ አንድ ወር አስቀድሞ እያንዳንዷ አባል የምትገዛውን በስብሰባ ላይ ጮክ ብላ ትናገር፣ ጸሐፊዋም ትጻፈው። ከተካፈላችሁ በኋላ ባለ በጎቹ አብራችሁ ገበያ ውጡ፤ አምስት ሴት አብራ የምትደራደርበትን ነጋዴ ማታለል ይከብደዋል፣ ብሩም መንገድ ላይ አይበተንም።

ሂሳቡን እነሆ፣ ለስሌት ያህል። 20 አባላት፣ ድርሻው 50 ብር፣ 48 ሳምንት፣ በአማካይ በሳምንት ሁለት ሁለት ድርሻ። የተሸጠው ድርሻ 1,920፣ የተቆጠበው 96,000 ብር። ከብድር ክፍያ 11,520፣ ከቅጣት 480 ቢገኝ ጠቅላላው 108,000 ይሆናል። ለ1,920 ሲካፈል አንድ ድርሻ 56.25 ብር ያወጣል። 48 ማህተም ያላት 2,700 ትወስዳለች፣ 96 ያላት 5,400፣ በየሳምንቱ አምስት እየገዛች 240 ያደረሰችው 13,500። ከክፍፍሉ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ብድር ሁሉ ይመለስ፣ አዲስ ብድር ይቁም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሳጥኑ ከባድ ነው፤ ብሩን በሶስት ፈራሚ በተከፈተ ሂሳብ ባንክ አሳድሩት። የክፍፍሉንም ቀን ለሰፈር አታውሩ።

ደረጃ 7፦ ከሳጥኑ ወዲያ

ሁለት ሶስት ዙር የጨረሰ ማህበር ሳጥኑ ይጠበዋል። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ የዛሬው ፀደይ ባንክ አለ፤ የቡድን ሂሳብ ስለመክፈት እሱንም ሌሎቹንም ባንኮች ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሕጋዊ የቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማህበር ሆኖ መመዝገብም አለ፤ ለዚህ የሚያማክራችሁ የህብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ ነው። አትጣደፉ። መዝገባችሁ ለሁለት ዓመት ያለ እንከን ሲዘጋ ያን ጊዜ ተመካከሩ።

ከውጭ "ሳጥናችሁ ውስጥ ይህን ያህል ልጨምርላችሁ" የሚል ደግ ሰው ወይም ድርጅት ከመጣ በትሕትና እምቢ በሉ። ሰው የራሱን ላብ ነው ተከታትሎ የሚያስመልሰው። የሰጪን ብር የተበደረ የሚመልሰው ለማን ብሎ ነው? መርዳት ለፈለገ ሳጥኑን ያሰራ፣ ደብተርና ማህተም ይግዛ፣ የእንስሳት ሐኪም ያምጣ።

በክፍፍሉ ቀን ብሩ ሁሉ ከተሰጠ በኋላ ማንም ከመነሳቱ በፊት አዳዲሶቹ ደብተሮች ይውጡ። የሚቀጥሉት አባላት እዚያው፣ ገና እጃቸው ላይ ካለው ብር፣ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ድርሻ ይግዙ። ሽምብጥ ያለችው ቁጥር ሰባት ባለፈው ክፍፍል አምስት ገዛች። አምስቱን ማህተም ራሷ ቆጥራ ደብተሩን መለሰች፣ ጓጉንቸሮቹ ሲቆለፉ አየች፣ ከዚያ በግ ልትገዛ ወጣች።